ስለ ልጄ ሣጥንና በቦታው ስለቆመው የገለባ ሰው

ለካስተልብራክ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሙሴ አርማን ደልቡስኬ

ቀን፦ ኦክቶበር 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በገበያው አዳራሽ ከሟች ልጄ መሸጫ ቦታ የተነሣው የሽንኩርት ሣጥን እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በጁን፣ በገበያ ቀን፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት ስጎነጉን የቅርስ ኃላፊዎ ሙሴ ላፎርግ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ። «ማዳም ቴሲዬ፣ ትልቅ ሐዘን ደርሶብናል። አዳራሹ ተጎድቷል» አሉኝ። «ልጄስ?» አልኳቸው። «እሱም» አሉኝ። መርዶዬ ይኸው ነበር።

ልጄ ኤሎዋ በአዳራሹ ሥር ነጭ ሽንኩርት ይሸጥ ነበር። ከበላዩ ያለው፣ ከነገሥታቱ ዘመን የቆየው የጣራ አግዳሚ ነቅዞ ዱቄቱ ዕቃው ላይ ስለሚዘንብ፣ ይታይልኝ ብሎ ለሙሴ ላፎርግ አመልክቷል። እሳቸውም በገበያተኛው ፊት «ስማ ወዳጄ፣ ይህ እንጨት ከቅድመ አያቶችህ በፊት እዚህ ነበረ፤ ካንተም በኋላ ይኖራል» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤሎዋም ሳቀ። እቤት ሲገባ ፀጉሩን እያራገፈ «እማዬ፣ ዛሬም የነገሥታቱን ዱቄት ነሰነሱብኝ» ይለኝ ነበር።

አግዳሚው ወድቆ ገደለው። ሙሴ ላፎርግ አልዋሹም፤ እንጨቱ ዛሬም አለ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቀስ ብለው ተሸክመው፣ ቤተ መዘክር ውስጥ በመስታወት አስተኝተውታል። ዕድሜው ተጽፎለታል። እንጨቱ የገደለው ሰው ስም አልተጻፈም።

እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና የገበያችንን ደንብ ያውቁታል። ሻጭ ሲሞት ሸቀጡን የሚይዝበት የራሱ ሣጥን በቦታው ይገለበጣል፤ ኖቬምበር 1 ቀን እስከሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ማንም አይሸጥበትም። በበዓሉ ቤተሰቡ ሣጥኑን አንሥቶ አበባ ሞልቶ ወደ መቃብሩ ይወስደዋል። የኤሎዋንም ገለበጥነው። ጎረቤቱ አይብ ሻጯ ማርሴሊን ጠዋት ጠዋት ወደተገለበጠው ሣጥን ዞራ «አንተ እንቅልፋም፣ ዛሬም አረፈድክ?» ትለው ነበር። እኔም ይህን ለመስማት እሄድ ነበር።

ባለፈው ወር ሣጥኑ ተነሣ። ምክንያቱን ብጠይቅ ሙሴ ላፎርግ «ማዳም፣ ሣጥኑ ፕላስቲክ ነው። በጥንቱ ዘመን ፕላስቲክ አልነበረም፤ የጎብኚውን ዓይን ያውካል» አሉኝ። በቦታው የጥንት ቀሚስ የለበሰ የገለባ ሰው አቆሙ። አንገቱ ላይ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አንጠልጥለውለታል። ቀርቤ ሽንኩርቱን ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው። ማርሴሊን «ዞር በል አንተ፣ ሽታህ እንኳ የኛ አይደለም!» ብላ ትሰድበዋለች። ጎብኚዎች ግን አቅፈውት ፎቶ ይነሣሉ። ቅርሳችንን ወደዱት ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ እንጨቱን ከመስታወቱ አውጡልኝ አላልኩም። እሱ ታላቅ ነው፤ ልጄ ሽንኩርት ሻጭ ነበር። የምለምነው የገለባው ሰው እንዲነሣና የልጄ ሣጥን ለቀሩት የገበያ ቀናት በቦታው እንዲገለበጥ ነው። በበዓሉ ዕለት ራሴ አነሣዋለሁ። ባዶ እጄን ወደ መቃብሩ እንዳልሄድ ይርዱኝ። ደንቡም ከአዳራሹ ጋር የኖረ ነው፤ ቅርስ ለመባል መንቀዝ ካለበት ግን ይንገሩኝ።

ይህ ወረቀት በእጃችሁ የሚያልፍ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ፣ ማኅተም ከማድረጋችሁ በፊት ለኤሎዋ አንድ ጊዜ ጸልዩለት። እንጨቱ ጠባቂ አለው።

ከሐዘንተኛ እናት ሰላምታ ጋር፣

ሶላንዥ ቴሲዬ (ፊርማ)