ሰባተኛዋ ጭረት

ውድ መምህሬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ልጅዎ እንደሆነች አውቃለሁ። እህቴ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፤ ብታስቀሪም ይነቁብሻል።

እንዴት ከረሙ? እኔ ደህና አይደለሁም። ጥፋት ሠርቻለሁና ከሰው አፍ ሳይሰሙት ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

ያቺን የእርስዎን ሸክላ ያስታውሷታል፤ መዳፍ የምታህለዋን፣ ጥጓ የተሸረፈውን፣ የፋርሱ ጸሐፊ ስለ ቦይ ጥገና የጻፈባትን። ግሪኮቹ አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ንጉሣቸው በነገሠ በሰባተኛው ዓመት መባቻ፣ የፋርስ ጸሐፍት በሙሉ ይባረሩ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሸክላዋ ደግሞ፣ ዓመቱን በሚቆጥሩት ጭረቶቿ መሠረት፣ የሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ናት። "ይኸው ሰውየው አልተባረረም፤ ትእዛዝ ሌላ፣ ሥራ ሌላ" ብለው መጽሐፍዎን ጻፉ። እኔም እዚያው መጽሐፍ ላይ ቆሜ ዶክተር ተባልኩ፤ ወንበርዎንም ወረስኩ።

የሸክላዋን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዓይንዎ መድከም ጀምሮ ነበርና "አንቺ ጭረት ቆጣሪ፣ ስንት ናቸው?" አሉኝ። "ሰባት" አልኩ። ደግመው አልጠየቁኝም። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ እምነትዎ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ እትም ፎቶ ላስነሣት ቤተ መዘክር ሄድኩ። ፎቶ አንሺው መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጎ ሲይዘው ስድስቱ ጭረቶች ጥላ ጣሉ። ሰባተኛዋ ግን እንደ ፀጉር ቀጥና እስከ ሸክላዋ ጠርዝ ሄደች። ስንጥቅ ናት፤ ሸክላዋም የስድስተኛው ዓመት፣ ከትእዛዙ በፊት የተጻፈች ናት። ስንጥቅ ቆጥሬ ሰጥቼዎታለሁ። "ምነው ደነገጡ?" አለኝ ልጁ። "ፎቶህ አንድ ዓመት ቀነሰብኝ" ስለው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ተይው ብሎኛል። "ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያላየውን አንቺ ምን ቤት ነሽ? ሽማግሌውን በቁማቸው አትቅበሪያቸው።" እውነቱን ልንገርዎ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተስማምቼለት ዋልኩ። በማግስቱ ግን ክፍል ገብቼ አንዱን ተማሪ "ሸክላውን ራስህ አይተሃል ወይስ ሥዕሉን አምነህ ነው?" ብዬ ስቆጣ ጥያቄው ወደ ራሴ ዞረ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ማስተማር አልችልም። እርማቱን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ "ስሕተቱ የሠዓሊዋ ነው" ይላል፣ ከነስሜ። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ቢቆጡም ይገባል።

መጽሐፍዎ ይጎዳል፤ አልዋሽዎትም። ሦስተኛው ምዕራፍ ከነጭራሹ ይወድቃል። የቀረውን ግን በሌሎቹ ሸክላዎች ደግፌ አቆመዋለሁ፣ ዐሥር ዓመት ቢፈጅብኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የሸክላዋን ቅርጽ በጄሶ አስወጥቼ ይዤያለሁ። ጭረት በብዕር የተጫነ ስለሆነ ጠርዙ ልስልስ ነው፣ ስንጥቅ ግን ይቧጥጣል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ጣትዎን ያሳርፉባትና ይቁጠሩ። ያኔ እንደጠየቁኝ እኔም በተራዬ እጠይቅዎታለሁ፤ ስንት ናቸው?

ጭረት ቆጣሪዋ