ዘርፉን «ጠጪ» የሚላት ጠፋ

ለተከበሩ የሐኪም ቤቱ ሹም፤
አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ ሆድዎ የበላውን በሰላም እንዲይዝ፥ ጉሮሮዎም ከቶ እንዳይደርቅ ከአዳማ ሆኜ እጸልያለሁ።

ባለቤቴ ዘርፉ ሆዷን ታማ፥ ደምም እየታያት ስለ ተቸገረች፥ የሆድ ዕቃን በራጅ የሚያነሣ መሣሪያ ከእርስዎ ዘንድ መኖሩን ሰምቼ በባቡር ይዣት መጣሁ። አንጀቷ ካልጸዳ ራጁ አያይም ተብሎ ጉሎ ዘይት ተሰጣት፤ ራጁን እስክትነሣም ድረስ እህል ውሃ እንዳትቀምስ ታዘዘች። ይህን አልነቅፍም። ለቀረው ግን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በእኛ ዘንድ ኮሶ የጠጣ ሰው ይከበራል። ያን ቀን ዳኛ አይጠራውም፥ እንግዳ አይገባበትም፥ ጓሮው የእሱ ብቻ ነው፤ ሲቀለውም ትኩስ መረቅ ይቀርብለታል። እርስዎ ጉሎ የጠጣችን ሴት ወንዶች በሚተላለፉበት ደጅ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ስላስቀመጡልን፥ የመጸዳጃውንም ቁልፍ በዘበኛው ኪስ ስላኖሩልን እናመሰግናለን። ከጎረቤት ፊት ነጠላዋን አውልቃ የማታውቅ ሴት፥ ዘበኛ እየለመነች በእርጅናዋ ማፈርን ተማረች።

ሁለተኛ፤ እኛ በባቡር ስንወጣ የራጁ ሐኪም ጠመንጃውን ይዞ ወደ አዋሽ ለአደን ወርዶ ኖሯል። የገደለው ሳላ ቀንዱ ያማረ እንደ ነበር በጣቢያችን ያዩት መስክረዋል፤ እንኳን ደስ ያለው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዘርፉን ከአግዳሚው አንሥተው ሐኪሙ እስኪመለስ በሴቶች ክፍል አስተኟት፤ ወንድ ወደዚያ አይገባምና እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርሁ። ዘርፉ ትእዛዙን እንደ ጾም ያዘችው፤ ጾምን ደግሞ ያዘዘው ይፈታዋል እንጂ ጿሚው በራሱ አይገድፈውም። አጠገቧ የተኛችው በሽተኛ እልፍነሽ ኋላ እንደ ነገረችኝ፥ ውሃ ብታቀርብላት፥ ያዘዘኝ ሳይፈታኝ አልቀምስም ብላ ጣሳውን በእጇ መለሰች። አስታማሚዎችዎ በየጠዋቱ አልፈዋት ሄዱ፤ ራጁ ቀርቷልና ጠጪ የሚላት አንድ አፍ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውሃ ሲቀዳ መስማት አልቻልሁም። ጣሳ ባነሣሁ ቁጥር እጇ ይመልሰዋል። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ፈቃድ ትጠብቃለች፤ ጠጪ ብላትም አትሰማኝም፥ ያዘዝኋት እኔ አይደለሁምና።

አሁን ልጃችን ደራርቱ ያንኑ ደም ታያለች፤ ከአግዳሚ ወንበርዎም ሞትን ትመርጣለች። እኔ ግን ግትር ሽማግሌ ነኝ፥ አመጣታለሁ። ስለዚህ መጋረጃ ያለው ክፍል፥ በራሷ እጅ የሚሆን ቁልፍ፥ ጉሎው ከመሰጠቱ በፊትም ከአደን የተመለሰ ሐኪም እለምናለሁ። ራጁ ሲያልቅ ወይም ሲቀር ደግሞ ቀርቦ ጠጪ የሚላት ሰው ይኑር፤ ለዚህ ከባሕር ማዶ መሣሪያ ማስመጣት አያሻም።

ፊደልን ያለ መምህር የቆጠርሁ፥ የእርስዎን ርኅራኄ ግን ለማንበብ ዓይኔ የደከመ፥ ለክብርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፥

ኢተፋ ገርባ
አዳማ፥ ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ሳልረሳው፤ ከቀብሯ በኋላ፥ ሐኪሙ ስለ ተመለሰ ዘርፉ ባዶ ሆዷን ትምጣ የሚል ቃል ከእርስዎ ዘንድ በጣቢያው ቴሌግራም ደረሰኝ። ስለዚህስ አይስጉ፤ ትእዛዝዎን አጥብቃ ይዛለች፤ እስከ ዛሬ ምንም አልቀመሰችም።