የካፖርቱ እጥፋት

ለእታለም፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ልበልሽና ልጀምር።

ቅዳሜ ልጆቹን ሐይቁ ዳር ወስጃቸው አንድ ሌሊት አደርን። አባታቸው ካረፈ ወዲህ እንዲህ ወጥተን አናውቅም። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ትንሹ እየዘለለ ሲረግጠው ዋለ። እኔ ያችን አጭር ዳገት ስወጣ ሦስቴ ተቀመጥኩ፤ አሮጌው የስፌት መኪናዬ እንኳ የኔን ያህል አያቃስትም።

ትልቋ «እማ፣ አሁንም ልትቀመጪ ነው?» አለችኝ። ምላሷ ቁርጥ አንቺን! ቦርሳውን ነጥቃኝ የወንድሟን እጅ ይዛ ቀደመችኝ። የሱን ጫማ ማሰርና የራሷን ፀጉር መጎንጎን አስተምሬያታለሁ። ስልክ ቁጥርሽንም በቃሏ ይዛዋለች፤ ካላመንሽ ጠይቂያት።

ለብርዱ አዲስ ካፖርት ሰፍቼላቸዋለሁ። እንደ እናታችን ለከርሞ ብዬ አንድ እጥፋት መተው ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ግን እጅጌውንም ጫፉንም አራት አራት ጊዜ አጠፍኩት። ትልቋ «ይከብዳል» ብላ አኮረፈች። እውነቷን ነው፣ ይከብዳል።

ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ስላለብኝ ሱቁን እዘጋለሁ፤ ብትደውዪ ባላነሳ አትደንግጪ።

እጥፋቶቹን በነጭ ክር የሰፋኋቸው በደንብ እንዲታዩሽ ነው። የክሩን የግራ ጫፍ ስትስቢው ባንዴ ይተረተራል። በየዓመቱ አንዷን ብቻ ፍቺላቸው፣ አደራ።

ልጆቹ አንገትሽን አቅፈው ስመውሻል፤ እኔም እንደነሱ።

ታናሽሽ