አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ሁለተኛው መስመር ዛሬ ተገጠመ። እስከ ዛሬ የቡና ማኅበራችን የስልክ ሰርቨር ወደ ውጭ የሚደውለው በአንድ ጌትዌይ፣ በአንድ የመስመር መውጫ ብቻ ነበር። ሚዛን ከተማ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቢሮው ዲዳ ይሆናል። አሁን አንደኛው እምቢ ካለ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ ጌታሁን፣ "ይስሐቅ፣ ዘንድሮስ ገላገልከን" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። አናናስ ገዝቼ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
የሸኮ ገበሬዎች ትናንት ቡናቸውን ይዘው አልወረዱም። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ቆሞ ባዶውን ተመለሰ። የተለቀመ እሸት ቡና ደግሞ አያድርም... ጆንያ ውስጥ ይግላል፣ ይሸታል። ጠዋት ተወካያቸው ጋሽ ባዘዘው ቢሮ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። እሱ ነው የባሰው።
"ሁለት ጊዜ ጠራ። ሁለት ከሆነ መኪና የለም ነው። እኛም ተቀመጥን።"
ደዋያችን ማናልሞሽ፣ "አንዴ ነው የደወልኩት ጋሼ፣ እውነቴን ነው" አለች።
ይሄ የሚስኮል ቋንቋ እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረ ነው። ማናልሞሽ ደውላ አንዴ ሲጠራ ትዘጋለች፤ መኪናው ተነስቷል ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ ዛሬ የለም። ማንም አያነሳም። ጫካ ውስጥ ቆሞ "ሃሎ፣ ሃሎ" ከማለት ይሻላል።
ጌታሁን ግን፣ "እስከ ሰኞ ይጣራ። ስህተቱ የእሷ ከሆነ ስልኩን ሌላ ሰው ይይዛል" አለ። ማናልሞሽ ምሳዋን አልበላችም።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ስትደውል አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ። በዓይኔ አየሁ። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ባዘዘው መልሰው ደወሉ፤ "ምነው፣ ዛሬም የለም?"
እጇ አልደገመም። ታዲያ ማን ደገመው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ቢሮ ሰው የለም። ሞባይሌን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በቢሮው ስልክ ደወልኩበት። አንዴ ሲጠራ ዘጋሁ። ዝም... ከዚያ እንደገና ጠራ። ስልኩን እኮ ዘግቼዋለሁ።
ሰርቨሩ ነው። "ጥሪው ካልተሳካ በሁለተኛው ሞክር" ያልኩት እኔው ነኝ። ለእሱ ደዋዩ በገዛ እጁ የዘጋውም ያልተሳካ ጥሪ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው መስመር ይደውልና የሚያናግር ደዋይ ሲያጣ ይተወዋል። ለጋሽ ባዘዘው ግን ሁለት ጥሪ ደረሰ።
"ደዋዩ ከዘጋ እዚያው አቁም" የምትል አንዲት ትእዛዝ ጨመርኩ። ደጋግሜ ሞከርኩት። አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች... እኔን ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ማናልሞሽ ባለችበት ለጌታሁን ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እሱም፣ "ሚስኮሉን ለምን አናስቀረውም? ያንሱና ያውሩ" አለ። የገበሬው ዘዴ ምን አጠፋ? እምቢ አልኩ፤ ተስማማ። ማናልሞሽ ስልኳ ጋ ትቆያለች።
አመሰገነችኝ? የት አባቷ። "ለጋሽ ባዘዘውም ሂድና ራስህ ንገራቸው" አለችኝ። ልክ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
አዲሷ ትእዛዝ ሁለተኛውን መስመር እንዳላሰናከለች ላይ ብዬ ዋናውን መስመር ሆን ብዬ ነቅዬ በሞተር ሸኮ ወጣሁ። ፈርቼ ነበር። የዚያን ቀኑን ቡና ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። በጀንፈል፣ ከነገለባው በደረቀ ቡና ርካሽ ዋጋ ይሸጣል እንጂ ሌላ ተስፋ የለውም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ባዘዘው አዳምጠው ሳቁ።
"ማሽንህ ጨዋ ነው። ሰው ካላነሳለት ደግሞ ይጠይቃል።"
ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጠራ። አንዴ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሁለተኛውን ጠበቅኩ... ምንም።
ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ጆንያ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ይዞታል። ጋሽ ባዘዘው፣ "ምን ትጠብቃለህ? መኪናው ተነስቷል እኮ" አሉኝና አንዱን ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ።