በአሥራ አንድ ቀን ቀደምከኝ

ይድረስ ለከማሌ፤

እንደምን ከረምክ ልልህ ነበር፤ ግን ምን ያህል እንደከረምክ እኔና እህትህ ራሱ መስማማት አቅቶናል። በእኔ አቆጣጠር ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ገና አሥር ቀን ይቀረናል። በአንተ አቆጣጠር ትናንት ማታ ሞላን። የሒሳብ አስተማሪ አግብተህ፣ ሞተህ እንኳ በቁጥር ታጨቃጭቀኛለህ!

ምን ሆነ መሰለህ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳሎን ዘርግቼ አርማለሁ፤ ሰኔ አይደል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ታላቅ እህትህ እትዬ ዘይነባ ከሀላባ ድረስ፣ ሁለት የአጎትህን ልጆችና አንድ ፍየል አስከትለው ቆመዋል። ደስ ብሎኝ ተጠመጠምኩባቸው። እሳቸው ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው ቤቱን ቃኙና ሰዉ የታለ አሉኝ። የምን ሰው? አልኳቸው። ዛሬ ማታ የዓመቱ መጀመሪያ ሙሐረም ይገባ የለ እንዴ፣ የከማል ዓመት አይደለም ወይ አሉ። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልረሳሁህም፤ ይኼን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ቸርች ለሙት ዓመት ባይደገስም፣ ለአንተ ስል የሰኔ መጨረሻ ሲደርስ ጎረቤቱን ምሳ ላበላ አስቤ፣ ላንቴ ቀበሌ ላለው ወንድሜ ሙዝ እንዲልክልኝ ነግሬው ነበር። ጥፋቱ የካሌንደሩ ነው። አንተ በየመስከረሙ ሱቅህ ግድግዳ ላይ አዲስ ካሌንደር ትሰቅልና በእያንዳንዱ ቀን ጥግ የአንተን ቀን በእርሳስ ትጽፍ ነበር፤ ሙሐረም አንድ፣ ሙሐረም ሁለት እያልክ። ጨረቃዋ ከጠበቅከው ቀን ስትዘገይ ደግሞ በላጲስ አጥፍተህ እንደገና ትጀምራለህ። የዘንድሮውን ገዝቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በእርሳስ የሚጽፍበት ግን አልነበረም።

ሱቁ ክፍት ነው፣ አትስጋ። ልጃችን ሐናን ተመርቃ መጥታለች፤ ሥራ እስካገኝ ብላ ስፌት መኪናህ ላይ ተቀምጣለች። ዚፕ ትቀይራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ታሳጥራለች። የሲቀላ ሰፈር ሰው የልብስ ሰፊው ልጅ እያለ ይመጣላታል። እጅጌ ላይ ትቸኩላለች፤ ይኼን እንኳ ከእኔ ነው የወሰደችው።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በዚህ በጨረቃ አቆጣጠርህ ስቀልድብህ ነው የኖርኩት። የእናንተ በዓል እግር አለው፣ አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ ይመጣል እልሃለሁ። ዓመታችሁ በሦስት መቶ ሃምሳ አራት ቀን የሚያልቅባችሁ ከሆነ እንደኛ ጳጉሜ ጨምሩበትና አርፋችሁ ተቀመጡ እልሃለሁ። አንተ ሜትርህን አንገትህ ላይ ጣል አድርገህ፣ ድሮ ዓረቦቹ በየተወሰነ ዓመቱ አንድ ወር ይጨምሩ እንደነበር፣ በኋላ ግን መከልከሉን ትነግረኛለህ። ጨርቅ ባጠረ ቁጥር ቁራጭ እየቀጠሉ መስፋት ደግ አይደለም ትለኛለህ። ያን ጊዜ እስቃለሁ እንጂ መች ሰማሁህ!

አንተም የራስህ ጥያቄ ነበረህ። የነቢዩ ተከታዮች መከራ ሲበዛባቸው መጀመሪያ የተሰደዱት ወደ እኛው አገር፣ ወደ ሐበሻ ነው። ወደ መዲና የተደረገው ስደት የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ታዲያ ዘመኑ ለምን ከሐበሻው ስደት አልተቆጠረም? ይኼን የደንበኛህን ወገብ እየለካህ ትጠይቀዋለህ፤ ምስኪኑ ሰውዬ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆሞ። አንድ ቀን ለመስጊዱ ኡስታዝ አቀርበዋለሁ ትል ነበር። ሳታቀርበው ሄድክ።

ወደ ትናንት ልመለስ። አመሻሽ ላይ እትዬ ዘይነባ ለአጎትህ ልጆች፣ ከማል እኮ ያረፈው ልክ ሙሐረም በገባበት ምሽት ነው፣ አዲሱን ዓመት ረግጦ ነው የሄደው እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ነው ያሉት። እኔ ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ያለቀስኩት ግን በሽንኩርቱ አይደለም።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ያን ቀን የዙልሒጃ ሃያ ዘጠኝ ነበር፤ የዓመታችሁ የመጨረሻው ወር። ቀናችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጀምር፣ ጨረቃዋ ከታየች ማታውኑ ሙሐረም ገባ ማለት ነው። ቤት ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነበርን፤ ሐናን ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ድምፅህ ደክሞ ነበር፤ ወጥተሽ እይልኝ አልከኝ። የዶርዜ ተራራ በምዕራብ በኩል ተገትሮ ቀጭኗን ጨረቃ እንደሚደብቃት፣ አርባ ምንጭ ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን ምሽት ጨረቃ ያየ ሰው እንደማታውቅ ዕድሜህን ሙሉ ያማረርከው አንተው ነህ። ቢሆንም ወጣሁ። የጎረቤት ማንጎ ቢከልለኝ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ እያለሁ የመግሪብ፣ የፀሐይ መጥለቂያው አዛን ተሰማ። ተራራውን አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፣ ምንም የለም። የለችም ልልህ ስገባ አንተም አልነበርክም።

በኋላ ማታውኑ ሙሐረም መግባቱ ከሌላ ቦታ በስልክ ተነገረ። እንግዲህ አዛኑ ሳይሰማ ሄደህ ከሆነ የሞትከው በአሮጌው ዓመት ነው፤ ከተሰማ በኋላ ከሆነ በአዲሱ። እኔ አላውቅም። ባሏ በየትኛው ዓመት እንደሞተ የማታውቅ ሚስት! ምናለ ባልወጣሁ፣ ምናለ እጁን ይዤ በተቀመጥኩ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ራሴን ስበላው ከረምኩ።

ዛሬ የዓመትህ ሰደቃ ደረሰ። ጎረቤት ሁሉ ተረባርቦ፣ የእኔ የቸርች ሴቶች ሳይቀሩ ድስት ይዘው መጥተው፣ አላሳፈሩህም። ኡስታዙ ዱዓ አድርገው፣ በልተው ሲያበቁ እጃቸውን ላስታጥብ ቀረብኩና አደራህን ተወጣሁ፤ ለምን ከሐበሻው ስደት አልተቆጠረም አልኳቸው። ይኼ የእርስዎ ጥያቄ ነው ወይስ የከማል ብለው ሳቁ። ሐበሻ የመጡት በሰው ንጉሥ ጥላ ሥር ያረፉ እንግዶች ነበሩ፣ መዲና ላይ ግን በራሳቸው ቆሙ፣ ለዚያ ነው አሉኝ። ታዲያ ሰው ያስጠጋውን ቤት ይረሳል እንዴ ብላቸው፣ አልረሳንም፣ ቆጠራው ብቻ ነው ከዚያ ያልጀመረው አሉ። እንዳንተ ሆኜ ትንሽ ልከራከር ነበር፤ ተውኩት።

ጆሮዬን ያቆመው የቀጠለው ወሬ ነው። ቆጠራው የተጀመረው በስደቱ ሰሞን አይደለም አሉኝ፤ ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በሁለተኛው ኸሊፋ ዘመን ነው። ዓመቱ ሳይጠቀስ ሻዕባን የሚል ወር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት እየመጣ፣ የዘንድሮው ሻዕባን ነው የአምናው ብለው ተቸግረው ነው አሉ። ተቀምጠው መከሩ። ከነቢዩ ልደት እንቁጠር ያለ አለ፣ ካረፉበት ያለ አለ፤ በመጨረሻ በስደቱ ተስማሙ። እሺ፣ ነቢዩ መዲና የገቡት በሦስተኛው ወር በረቢዑል አወል ከሆነ ዓመቱ ለምን በሙሐረም ይጀምራል አልኩ። እዚህ ላይ መልሱ ብዙ ነው አሉ፤ አንዱ፣ ሰው ከሐጅ ተመልሶ ሥራውን ሀ ብሎ የሚጀምርበት ወር ስለሆነ ይላል፣ ሌላው ወደ መዲና ለመሄድ የተቆረጠው በዚያ ሰሞን ስለሆነ ይላል። ያች የመጀመሪያዋ ሙሐረም አንድስ በየትኛው ቀን ዋለች? አልኳቸው። በእሷም ሊቃውንቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ያን ምሽት ጨረቃዋ ታየች አልታየች ማን አይቶ ይመስክር? የድሮዎቹ ጭማሪ ወሮችም ወደ ኋላ መቁጠሩን አስቸግረውታል አሉኝ።

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩት። የዘመን ሁሉ መነሻ የሆነችው ቀን በአንድ ምሽት ወዲያ ወዲህ ትላለች! ከማሌ፣ በዓለም ላይ በእኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ እኮ ነበር።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ እትዬ ዘይነባ ጓሮ ድስት ሲያጥቡ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ከቤት መውጣቴን፣ አዛኑን፣ አለማወቄን። እጃቸው ድስቱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን፣ ልጅ ሆነን እኔን ነበር ጣራ ላይ ወጥተሽ እይልኝ እያለ የሚልከኝ አሉ። የጨረቃ ነገር ምስክር ይፈልጋል፣ ለእሷ የሚላከው የሚታመን ሰው ነው፣ አየሁ ሲልም አላየሁም ሲልም የሚታመን። በስተመጨረሻ አንቺን ላከ አሉኝ። ከዚያ በእርጥብ እጃቸው ጉልበቴን ይዘው፣ ታዲያ ምን አየሽ ብለው ጠየቁኝ። ዓመቱን ሙሉ ይኼን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተያይዘን አለቀስን።

እንደ እነዚያ ሰዎች እኛም ተቀምጠን መከርን። አሮጌው ዓመት ይሁን አዲሱ ፈጣሪ ያውቃል፤ ለእኛ ቀንህ ያ አዛን ይሁን ተባባልን፤ የሚቆጠረውም በአንተ አቆጣጠር። ፀሐይ ሳትገባ ካሌንደሩን ከሱቁ ግድግዳ አውርጄ በእርሳስ ሙሐረም አንድ ብዬ ጻፍኩበት። ሐናን ላጲሱን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው፤ ያስፈልግሻል ብላ።

እንግዲህ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን እየቀደምከኝ ከሰኔ ወደ ግንቦት፣ ከግንቦት ወደ ፋሲካ ሰሞን፣ ከዚያ ወደ ገና፣ ከዚያ ወደ መስቀል ትሄድብኛለህ። አስልቼዋለሁ፤ እዚሁ ሰኔ መጨረሻ ላይ ተመልሰህ የምትመጣው ሠላሳ ሦስት ዓመት ግድም ቆይተህ ነው። ያኔ ሰማንያ አራት ይሆነኛል፤ በአንተ ቁጥር ደግሞ ሰማንያ ሰባት ገደማ፣ ጭራሽ ታስረጀኛለህ። ይሁን፣ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ በየዓመቱ በዚያ ምሽት እስከ አስፋልቱ ወጥቼ፣ ተመልሼ አልጋህ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁትን እነግርሃለሁ።

የመጀመሪያውን አሁን ልንገርህ፤ ዓመት ዘገየብህ። ወጥቼ አየሁልህ፣ ከማሌ። ከተራራው በላይ አልነበረችም። በማግስቱ አንተን ቀብረው በተመለሱ ማታ ግን፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆሜ አየኋት።

ሚስትህ አስቴር
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ