የግሸን ዳገትና የዝምታ ስለቴ

ግሸን፣ መስከረም 22 ቀን 1974

መንበርዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

በቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ እንኳ ዝም ያላሰኘኝ እኔ፣ ግሸን ማርያምን እስክሳለም ትንፍሽ ላልል ተስዬ ነበር። የኛ እንጦጦ ከዚህ ዳገት ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው! አጋማሹ ላይ አንዲት ዓይነ ስውር እናት፣ እማማ አገሬ የሚባሉ፣ ከፊቴ ራቅ ብለው ወደ ገደሉ ሲያመሩ አየሁና፣ «ኧረ እማማ፣ በግራ!» ብዬ ጮህኩ። ስለቴ ፈረሰ። ላይ ደርሼ እያለቀስኩ ለቄሱ ብናዘዝ፣ «አፍሽን የከፈተችው እመቤታችን ናት። ቀኖናሽ፣ መንገዱን እየነገርሽ እኚህን እናት ማውረድ ነው» አይሉኝም! ድንጋዩን፣ ቁጥቋጦውን፣ የመንገደኛውን ቀሚስ ሳይቀር ነገርኳቸው። ቁልቁለቱን ገና ሳናጋምስ እማማ ክንዴን ጨብጠው፣ «ልጄ፣ ስለ ማርያም ትንሽ ዝም በዪ!» አሉኝ።

ፖስት ካርዱም ጠበበኝ፤ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

የሺመቤትሽ