ዘይት ያጠጣሁት ፋን

ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? ያላየሁት የልጅ ልጄስ እንዴት አደገ? ብርድ በመጣ ቁጥር የምታስቸግርህ ሳል ለቀቀችህ ወይ? እናትህ ደህና ነው ትለኛለች፤ እሷ ግን ለእኔ ሁልጊዜ ግማሹን ነው የምትነግረኝ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ እጄ ዛሬም የመርፌ ቀዳዳ አይስትም።

ባለፈው ወር እናትህን በስልክ «ያ የጌም ማሽኔ አሁንም አለ?» ብለህ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ። ከአንተ ጋር የተኳረፈው አፌ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። የቆለፍኩበት ሳጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ ከፍቼ አወጣሁት። ሰባት ዓመት እንደተጠቀለለ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁትና ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በአሥራ አንድ ደቂቃው እንደ ካውያ ጋለ፣ ጮኸ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ።

የስፌት መኪና ጥገናን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ይህንንም እንደዚያው ያዝኩት። መጀመሪያ አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው አርቄ ሁለት እንጨት ላይ አስቀመጥኩት፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ቀጥሎ ከጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች በብሩሽ ጠረግኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ብሎኑን ፈትቼ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ፋን ሳወጣ፣ አቧራው ከዘይት ጋር ተቦክቶ ክንፎቹ ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፏል። በጣቴ ስገፋው ግማሽ ዙር ተንቀርፍፎ ቆመ። አሸተትኩት። የእኔው የስፌት መኪና ዘይት ነው።

ታስታውሳለህ፣ ፋኑ መንጫጫት ሲጀምር «የጮኸ ብረት የጠማው ነው» ብዬ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንተ «አባዬ፣ መጋል የጀመረው ዘይት ከነካው በኋላ ነው» አልከኝ። እኔ ደግሞ ዘይት ብረት ገድሎ አያውቅም፣ ቀን ከሌት ተጥደህበት ያቃጠልከው አንተ ነህ፣ ውሸታም ነህ አልኩህ፤ ያውም በእናትህና በእህትህ ፊት። ከዚያም ቆለፍኩበት። አንተም እስክትሄድ ድረስ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልጨመርክልኝም።

ፋኑን ይዤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። አገላብጣ አይታ «አባባ፣ ይሄን ምስኪን ማነው ቅባት ያጠመቀው?» ብላ ሳቀች። «ልጄ ነው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከለከልኩትም። ዘንጉ ተበልቷል፣ አዲስ አስመጣለሁ አለችኝ። ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ተመልሼ «ልጄ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ለዚህ ብለው ነው የተመለሱት?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አዲሱ ፋን በአሥረኛው ቀን መጣ። ዘይቴን እንዳላስጠጋበት አስምላ ሰጠችኝና ራሴ ገጠምኩት። እጄን ጎኑ ላይ ጭኜ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ለብ ከማለት አላለፈም። እህትህ ስትነካካው ቴሌቪዥኑ ላይ ስምህና ያቆምክበት ጨዋታ ወጣ። ልትቀጥለው ስትል ከለከልኳት። ድሮ የጨዋታው ጩኸት ከክፍልህ ሲመጣ «ዝጋው» እል ነበር፤ አሁን ዝጋው የምለው ሰው የለኝም። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ልጄ።

ውሸታም አልነበርክም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስቴም ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ስለዚህ ኋላ እንዳልክደው በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

እናትህ ጉንጭህን ትስማለች፣ በባዶ ሆድህ እንዳትወጣ ትላለች። እህትህ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፖስታውን ይዛ አጠገቤ ቆማለች፤ እሷም ናፍቃሃለች። ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ። ልጅህን ግንባሩን ስመህ አያትህ አንድ ጊዜ ተሳስቷል ብለህ ንገረው። ሌላ ሌላውን ግን እሱን ይዘህ ስትመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።

አባትህ
ከቤትህ፣ ጥር ፲፱ ቀን